ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር፥ ከእሁድ በቀር

ቀራንዮ፥ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይገዙ፥ ቱሪን ላለኸው

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እኔ የአክስትህ ልጅ ዋጋነሽ፥ እናትህ እማማም፥ ግቢውም እንዳለ አምላክ ይክበር ደህና ነን። እማማን ጉንፋን ቢጤ ነክቷቸው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል። ትምህርቱ እንዴት ይዞሃል? ብርዱስ?

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ቀይዋ መኪናህ ነው። ስትሄድ «እትዬ፥ አደራ፤ እስክመለስ ማንም እንዳይነካት» ብለህ ከባሕር ዛፉ ሥር አቁመህ፥ በሸራ ሸፍነህ ሰጠኸኝ። ስድስት ዓመት ማንም አልነካትም። በየክረምቱ ሸራውን አጥብቄ አስሬያለሁ። ትናንት ገልጬ ኮፈኗን ብከፍት ግን አይጥ ሞተሩ ላይ ወልዳለች። ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ላይ ተኝተዋል። ይሄ አደራ መጠበቅ ነው ብዬ ራሴን ማታለል አልቻልኩም።

እንዳስነሣት ፍቀድልኝ። ለጌጥ አይደለም። በየጠዋቱ ተነሥታ የምትሄድ፥ መንገድ ላይ የማትቀር እንድትሆን ነው። ባለቤቴ ገብረወልድ፥ ነፍሱን ይማርና፥ በጭነት መኪናው መንዳት እንዳስተማረኝ ታውቃለህ፤ መንጃ ፈቃዴም አለ። ኮልፌ ጎማ የሚጠግነው ሀያቱ በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል፤ እረዳሻለሁ ብሎኛል። የመኪናዋን መጽሐፍ ከመቀመጫው ሥር አገኘሁት፤ ግማሹን አይጧ በልታዋለች። የቀረውን ሥዕሉን እያየሁ እማራለሁ።

ቶሎ መልስልኝ። ገበያ መመላለሱ እግሬን ጎድቶታል።

እህትህ ዋጋነሽ


(በዚያው ቀን የተጻፈ፥ ያልተላከ)

ይገዙ፥ ይህን ወረቀት አልክልህም። ግን አንድ ቦታ እውነቱን ካልጻፍኩ ሌላውን ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እማማ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸዋል። ሐኪሙ መቶ ሃያ መርፌ አዟል፤ በየቀኑ አንድ፥ ከእሁድ በቀር። ነርሷ «ካቋረጡ እንደገና ከአንድ ነው» አለችን። ሆስፒታሉ ከተማው ማዶ ነው። መጀመሪያ በአውቶቡስ ሄድን። እማማ ሳሉ። ከጎናችን የነበሩት ተነሡ፥ ከፊታችን የነበሩትም ተነሡ፤ ሰው ታጭቆ ቆሞ በዙሪያችን ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እስክንወርድ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ቤት ስንገባ «ሁለተኛ አውቶቡስ አልሳፈርም፤ እዚሁ ልሙት» አሉ። ጋሪ ስከራይ ደግሞ የምንደርሰው የመርፌው ክፍል ከተዘጋ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ወስደው አቋረጡ። እንደገና ከአንድ ሊጀመር ነው።

ላንተ እንዳልነግርህ በመድኃኔዓለም አስማሉኝ። «ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል» አሉ። ሩቅ አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ፈቃድህን ግን መጠበቅ አልችልም። ሀያቱ ነገ ጠዋት ይመጣል።


ቱሪን፥ ኅዳር 10 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእትዬ ዋጋነሽ

አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለአንቺና ለእማማ፥ ከዚህ ጭጋጋም ከተማ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በስመ አብ፥ እትዬ! ምን ነካሽ? ያቺ መኪና እኮ ለመሮጥ ነው የተሠራችው። ሁለት ሰው፥ ሁለት በር፥ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው! ሽንኩርት ልትጭኚባት ነው? የቀራንዮ ድንጋይ በአንድ ሳምንት ሆዷን ይቀድደዋል። ተያት። ትምህርቴ እየተጠናቀቀ ነው፤ መጥቼ ራሴ አስነሣታለሁ።

ነገር ግን አውቅሻለሁ፤ አንዴ ካሰብሽ አትመለሺም። ስለዚህ ስሚኝ። ስለ መሄዷ ከማሰብሽ በፊት ስለ መቆሟ አስቢ። ዘይቱን የሚያሽጉት የፍሬኑ ጎሚኒዎች በሙሉ ደርቀዋል፤ አንዱም ሳይቀር ይለወጥ። አሮጌው ቤንዚን ይቀዳ፤ የቤንዚን መያዣው ሰልባትዮ ይታጠብ። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አውጥታችሁ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፍስሱና አንድ ቀን ይደር፤ ከዚያ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። በግድ አይደለም፥ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቀሰው ቀስ ብላችሁ። የራዲያተሩን ጎማዎች በጣትሽ ጨምቂ፤ ከተሰነጠቁ ወዲያ ጣያቸው። እምነት የሚጣልባት መኪና ማለት ትናንት ያደረገችውን ዛሬ የምትደግም ናት፤ ፍጥነቱን እርሺው።

አንድ ነገር ቅር አለኝ። እማማ ለምን ምርቃታቸውን አላስጻፉም? የደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ የሳቸው ነበር። ተቀይመውኛል?

ይገዙ


ቀራንዮ፥ ታኅሣሥ 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይገዙ

እንደ ምኞቴ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ጤነኛና ያልተቆጣህ ሆነህ ያገኝሃል።

ማረኝ፤ ደብዳቤህ ሲደርስ ሞተሩ ተፈትቶ ነበር። መኪናህ ከኅዳር 19 ጀምሮ ትሄዳለች። የጻፍከውን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሀያቱ አነበብኩለት፤ እሱ ይፈታል፥ እኔ እያጠብኩ በሰፌድ ላይ በተራ እደረድራለሁ። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ሠራነው። ልናስነሣት ስንል እሱ ቢስሚላህ አለ፥ እኔ በስመ አብ አልኩ፤ በአራተኛው ሙከራ ጮኸች። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ሀያቱ «እቺማ ከእንቅልፏ የምትነሣው እየተሳደበች ነው» አለ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ዳገት ላይ ትታፈናለች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ካንዴላዎቹ በየሦስት ቀኑ ጥላሸት ይለብሳሉ። ወፍ ሲንጫጫ ተነሥቼ አውጥቼ በሽቦ ብሩሽ እፈትጋቸዋለሁ፤ ቁልፉን እስካዞር ልቤ ይመታል። አንድ ጠዋት እንኳ እንድትቀር አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ሁለት ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። የቀኙን ወንበር ወደ ኋላ ጋደም ለማድረግ ምን ይፈታል? የቀኙ መስኮትስ ዝናብ ሳያስገባ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል?

እማማ አልተቀየሙህም። ሳሽገው ተኝተው ስለነበር ነው።

እህትህ ዋጋነሽ


ቱሪን፥ ታኅሣሥ 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእትዬ ዋጋነሽ

ለመጪው ልደት እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ካርቡራቶሩን ክፈቱ። ቤንዚን የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ናሶች አሉ። መጽሐፉ ያዘዘውን ቁጥር ከዚህ ገዝቼ በፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ፤ አሮጌዎቹን አውጥታችሁ እነዚህን አስገቡ። ከመጽሐፉ ውልፍት እንዳትሉ። ወንበርና መስኮት የቅንጦት ነገር ነው፤ እሱ ይቆየን።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። መኪናዋን ልሸጣት ወስኛለሁ። ጉልላት የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አዲስ አበባ አለ፤ ሊያያት ይመጣል። ከተነሣችለት ያው ይወስዳታል። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። አንቺም በየቀኑ ገበያ የምትሄጅበትን ምክንያት አልነገርሽኝም። ገበያ በየቀኑ አለ እንዴ?

እማማ ምን አሉ? አንድ ቃል እንኳ?

ይገዙ


ቀራንዮ፥ ጥር 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይገዙ

የጥምቀት ሰሞን አለፈ፤ እኛ ደህና ነን። አንተም ደህና ሁንልን።

ናሶቹ ደረሱ። እንዳልከው አስገባናቸው። ባሰባት። ጭሱ ከኋላዋ መንገዱን ጋረደው፤ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመችብኝ። ያኔ ገብረወልድ ትዝ አለኝ። ከአሰብ ጭኖ ሲመጣ «ታች ላይ እንደ ፈረስ ነው፤ እዚህ ስንደርስ እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍሳል፤ አየሩ ስስ ነው» ይል ነበር። ለሀያቱ ነገርኩት። አየሩ ከሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ የለበትም ወይ? አሮጌዎቹን ናሶች ቀዳዳቸውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በቀጭን መርፌ መልሶ በሳልኝ። በአራት ጊዜ ሙከራ መጠኑን አገኘነው። አሁን ካንዴላዎቹ ቡናማ ናቸው፤ ዳገቱንም ሳታስል ትወጣለች። ሀያቱ ሳቀብህ፤ «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ቤቱ ባሕር ዳርቻ ነው በይው» አለ። አትቀየመው።

ጓደኛህ ጉልላት ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ነበር። ጨዋ ሰው ነው። ሻይ አጠጣሁት። መኪናዋ ግን አልነሣ አለችው። ባትሪው እስኪደክም ሞከራት። «ያሳዝናል፤ ይቺ አልቆላታል» ብሎ ሄደ።

እህትህ ዋጋነሽ


(በዚያው ቀን የተጻፈ፥ ያልተላከ)

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለውን ጥቁሯን ቁራጭ ነቅዬ ሻሼ ውስጥ ቋጥሬያት ነበር። ሰውየው እየደጋገመ ቁልፉን ሲያዞር እኔ ሻይ እየቀዳሁለት በራሴ ላይ ነበረች። እማማ ከጓዳ ሳላቸውን በትራስ አፍነው ይሰሙ ነበር። ሲሄድ «ዋጋነሽ፥ ይሄስ ስርቆት ነው» አሉኝ። «አዎን» አልኩ። መርፌው ገና ስልሳ አልሞላም።


ቱሪን፥ የካቲት 17 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእትዬ ዋጋነሽ

ሰላም ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር።

ጉልላት ጻፈልኝ። መጀመሪያ «መኪናህ ሞታለች» አለኝ። በአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ኮልፌ ገበያ አጠገብ ስታልፍ አየኋት፤ ዘመድህ ትነዳለች፥ ከጎኗ የተጠቀለለ ሰው ተቀምጧል» ይላል። አንቺ! ሳንቲም ወድቆ ብታገኚ ባለቤቱን ፍለጋ ሰፈር የምትዞሪው አንቺ!

ስለ አየሩ ግን አፍሬያለሁ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ላይ ተወልጄ፥ ያን ዳገት በእግሬ እየሮጥኩበት አድጌ፥ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ላኩልሽ። አገሬ ከፍታ ላይ መሆኑን ረሳሁ። ይህ ከውሸትሽ ይልቅ ረበሸኝ።

አሁን ሁለት ነገር መልሺልኝ። ፊት ለፊቷ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አለ። ስሄድ 61,240 ላይ ትቼዋለሁ፤ ማስታወሻዬ ላይ አለ። ዛሬ ስንት ነው? ሁለተኛ፥ በቀኝ ወንበር የሚቀመጠው ማነው?

ይገዙ


ቀራንዮ፥ መጋቢት 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይገዙ

በቁጣህም ቢሆን መጻፍህን ስላልተውክ አመሰግንሃለሁ።

ዋሽቼሃለሁ። ቁራጯን ነቅዬ ደብቄያት ነበር። አደራህንም አፍርሻለሁ። ልትረግመኝ ትችላለህ፤ መኪናዋን ግን እስከ ሚያዝያ አልሰጥም።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ምዬበታለሁና አትጠይቀኝ። በቁጥሩ ግን አልማልኩም፤ ማንም ስለ ቁጥር አላስማለኝም። ስለዚህ ቁጥሩን ውሰድ።

ለሙከራ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳናት። ኅዳር 19 ሰኞ ጠዋት ከበራችን ስትወጣ 61,252 ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ማታ 63,320 ነው። በየቀኑ ሃያ ሁለት፤ አይጨምርም፥ አይቀንስም። እሁድ ባዶ ነው። በጥር ወር ሁለት ባዶ ቀናት አሉ፤ የፍሬኑ ቱቦ ፈንድቶ ነበር። እነዚያን ሁለት ቀናት ግቢው ውስጥ እንዴት እንደዞርኩ መድኃኔዓለም ያውቃል። ሁለት ቀን ብቻ ነው ተብለን እንደገና ከአንድ ሳንጀምር ቀረን። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። በየደብዳቤህ ጥግ ላይ የአውራ ጣትህ ምልክት አለ፤ ጥቁር ነው። መጀመሪያ ቀለም መስሎኝ ነበር። አሁን እኔም ጣቴ እንደዚያው ስለሆነ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ በሳሙና አይለቅም። ትምህርቱ እንዴት ነው ብዬ ከእንግዲህ አልጠይቅህም።

እህትህ ዋጋነሽ


ቱሪን፥ መጋቢት 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእትዬ፥ ለእትዬ ዋጋዬ

ወረቀቱን ሥራ ቦታ ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ቆሜ አከፋፈልኩት። ዘጠና አራት ቀን።

ገበያ ቢሆን በየቀኑ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ቢሆን እሁድን አይዘልም። በቀኝ የሚቀመጥ፥ መጋደም የሚፈልግ፥ በዝናብም መስኮት ከፍቶ የሚሄድ። ከበራችን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ደግሞም አንድም ምርቃት የለም። አንቺ አልተናገርሽም። እኔም ስሙን አልጽፈውም።

ወንበሩን ቅንጦት ብዬ ነበር! እጄ ይሰበር። ከወንበሩ ሥር ከኋላ በኩል ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አላሏቸውና አራት ጣት የሚሆን እንጨት ከፊት አስገቡ፥ ይጋደማል። መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል ቆርቆሮ እንደ ባርኔጣ ጥላ አጥፋችሁ እሰሩ፤ አየር ይገባል፥ ዝናብ አይገባም። ጉድጓድ ስታዪ በሁለተኛ ማርሽ እለፊ። የራዲያተር ጎማ፥ አራት ካንዴላና የፍሬን ዘይት ምንጊዜም ከኋላ ይቀመጥ። የደበቅሻት ቁራጭ ዓይነት ሌላ ልኬልሻለሁ፤ እሷ ከተሰበረች መኪናዋ አትነሣም፥ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ትምህርቱን ከተውኩት ሦስት ዓመት አልፎኛል። ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሜ ነው የምውለው። መኪናዋን መሸጥ የፈለግኩት እዚያ እስከቆመች ድረስ «ኢንጂነር ሆኜ እመለሳለሁ» ያልኩት ቃል አብሯት ስለቆመ ነው። በየማለዳው እያስታወሰኝ መረረኝ። ስሄድ አደራ ማለት የነበረብኝን ሰው ትቼ ስለ ብረት አደራ አልኩሽ።

ቁጥሩን በየአሥራ አምስት ቀኑ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከቀረ ግን እመጣለሁ።

ይገዙ


ቱሪን፥ ግንቦት 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ፥ ቁጥሩ የት ቀረ? አርባ ቀን አለፈ። ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ጸሐፊው ገና ከበር ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ሻንጣዬን አውጥቻለሁ። ምንም ይሁን ጻፊ። ዜሮም ከሆነ ዜሮ ብለሽ ጻፊ።

ይገዙ


ቀራንዮ፥ ግንቦት 27 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ እሁድ

ለወንድሜ ለይገዙ

አትደንግጥ፥ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ሃያ ሁለቱ የቆመው ሚያዝያ 10 ቀን ነው። መቶ ሃያው አልቋል። ቁጥሩን ያልላክሁልህ ከዚያ ወዲያ ያለው ዜሮ ሁለት ትርጉም ስላለው ነው፤ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። አክታቸውን ወስደው «ውጤቱ ስድስት ሳምንት ይቆያል» አሉን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ብዕር አንሥቼ አስቀመጥኩ። መኪናዋን ያለ ሥራ አጠብኳት። የጠበቀውን ብሎን ሁሉ እንደገና አጠበቅሁ። ሀያቱ «ሴትዮ፥ ቀለሟ ሊለቅ ነው፤ ተያት» እያለ ይቆጣኛል። ሐሙስ ዕለት ለውጤቱ ሄድን፤ አንድ ሃያ ሁለት። ንጹሕ ነው አሉን። እማማ ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሐኪም ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እየሳቀ ሸሸ።

ቤት ስንገባ እማማ «መሐላሽን ፈትቼልሻለሁ። ደግሞስ ስለ አንድ መኪና ይህን ያህል ወረቀት ማን ይጽፋል? ልጁ ሞኝ መሰለሽ? አውቋል» አሉኝ። ይቅር በለኝ፥ ያኔ የመጋቢቱን ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፤ የጋራዡንም። «እጁ ዘይት ቢነካ ምን አለበት? በዚያው እጁ አይደል ከእዚያ ሆኖ ያመላለሰኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ኢንጂነርስ ቢሆን ኖሮ ያንኑ የባሕር ዳርቻ ናስ አይደል የሚልክልን?» ብለው ሳቁ። ሳል አልተከተለውም። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ምርቃቱን ሰባት ወር ሙሉ ለምን እንዳላስጻፉም ነገሩኝ፤ «በውሸት ወረቀት ላይ የእግዚአብሔርን ስም አላስቀምጥም» ብለው ነው። አሁን እየነገሩኝ የምጽፈው የሳቸው ነው፦

«ልጄ፥ የያዝከው ብሎን ይታዘዝህ። ከሥሩ የተጋደምክበት ብረት አይውደቅብህ። ስትመጣ ተማርክ አልተማርክ የሚልህ የለም፤ በሩ እንደ ተከፈተ ነው። እናትህ ወለተጻድቅ።»

መኪናዋ ያንተ ናት። ጉልላት ይምጣ ካልክ ይምጣ፤ ቁራጯ በቦታዋ አለች። እማማ ግን «እንዳይሸጣት ሽማግሌ ልኬ አስጠይቀዋለሁ» ብለዋል።

ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፥ እሁድም ነው። ለፋሲካ እንኳ ሰው እንዳይሸሻቸው ፈርተው ቤት የቀሩት ሴትዮ ነጭ ለብሰው ቀኙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አስቀድሰን ተመለስን፤ ሴቶቹ ተጠግተው ሳሟቸው። ቆጣሪው 63,917 ላይ ነው። እሁድ፦ ሦስት ኪሎ ሜትር።

መንገድ ላይ «ዋጋነሽ፥ ይሄን መስኮት ዝጊልኝ፤ ነፋሱ ነጠላዬን አበላሸብኝ» አሉኝ። ብሞክር ስድስት ወር ተከፍቶ ስለቆየ ዝጎ ይዟል። ቀኑን ሙሉ ታገልኩት። ሀያቱ መስታወቱ ይሰበራል ብሎ ፈራ።

እንዴት እንደሚዘጋ ቶሎ ጻፍልን።

እህትህ ዋጋነሽ